ትልቁ ቁጥር የባንክ ቁልፍ አልሰበረም፦ ሲዘዋወር ለሰነበተው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ስትዘዋወር የሰነበተች አንዲት ጽሑፍ አለች። ለእኔ ብቻ አምስት ጊዜ ደርሳኛለች። መጀመሪያ የላከልኝ ኮምቦልቻ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ላከልኝ። ከዚያ በመምህራን ግሩፓችን መጣች። እንዳላየ ላልፋት ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ቅዳሜ ጠዋት የሆነው ነገር ነው።

እዚህ ደሴ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ያላቸው እናት አሉ። ዳቦ ልገዛ ስገባ ስልካቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «መምህር፣ እስቲ ይቺን እያት። ልጄ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ። ባንክ ያለችኝን ብር ዛሬውኑ ላውጣት ወይ?» አሉኝ። አየሁት፤ ያቺው ጽሑፍ ናት። የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው ያሳዩኛል። የባንኮች ቁልፍ በዚህ ቁጥር ሊከፈት ስለሚችል ገንዘባችሁን አውጡ ይላል። «አብሽሩ እናቴ፣ ብርዎ የትም አይሄድም» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ። ለምን እርግጠኛ እንደሆንኩ ግን ሱቅ በር ላይ ቆሜ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጽሑፏን ላላነበባችሁ ምን እንደምትል በትክክል ላስቀምጥ። ወሬው የብቸኛ ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር፣ ተማሪዎቼ ፕራይም የሚሉት ማለት ነው፣ ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ጸሐፊው ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ፕራይም መገኘቱን ይነግሩንና ስድስት ነገር ያስከትላሉ። አንደኛ፣ ይህ የመጨረሻው ፕራይም ነው፣ ከዚህ በላይ የለም ይላሉ። ሁለተኛ፣ 2ን በፕራይም አርቢ አርብቶ (ፕራይም በሆነ ብዛት ያሉ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ማለት ነው) 1 የቀነሰ ሰው ሁልጊዜ ፕራይም ስለሚያገኝ ግኝቱ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከሥሩ ያሉትን አካፋዮች አንድ በአንድ የሞከረ ስለሌለ ፕራይም ነው የሚባለው በግምት ነው። አራተኛ፣ የስሌቱ ዘዴ ከኢትዮጵያ አባቶች የተወሰደ ነው። አምስተኛ፣ ቁጥሩ ለምንም አይጠቅምም፣ የባከነው መብራት ነው። ስድስተኛው ያው የባንኩ ጉዳይ ነው።

ልክ የሆነውን ልክ ነው ማለት ይገባል። የአሃዙ ብዛት ልክ ነው፤ ቁጥሩ 41,024,320 አሃዝ አለው። ያገኘው ሰው ስምም ልክ ነው፤ ሉክ ዱራንት ይባላል፣ ቀድሞ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ የኤንቪዲያ ሠራተኛ የነበረ አሜሪካዊ ነው። ጊዜውም ልክ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024። ደግሞም ስለ ሒሳብ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንዲህ በሰፊው ሲነበብ ደስ ይለኛል፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ሰው በሚኒባስ ውስጥ ስለ ፕራይም ሲከራከር የሰማሁት ዘንድሮ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ እንዲታያችሁ፦ 136,279,841 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና ከውጤቱ 1 ቀንሱ። ያ ነው ቁጥሩ። በ8816943 ይጀምርና በ871551 ያልቃል። እያንዳንዱን አሃዝ ሁለት ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ በአንድ መስመር ብትጽፉት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከደሴ ተነስቶ፣ ሃረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ዳገቱን ተመልሶ ደሴ ይገባል። እንደገና ኮምቦልቻ ይወርዳል። ያኔም ገና አላለቀም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ።

«የመጨረሻው ነው» የሚለው ስህተት አንዲት ቃል በመጣሏ የመጣ ይመስለኛል። ዜናው «እስካሁን ከታወቁት ትልቁ» ነው የሚለው። «ከታወቁት» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ጠፋችና «ትልቁ» ብቻ ቀረ። ከዚያ «ትልቁ» ወደ «የመጨረሻው» ተቀየረ። ፕራይሞች ግን ማለቂያ የላቸውም። ይህን ኢዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ አረጋግጦታል፤ ማረጋገጫውም ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚገባው ነው። የመጨረሻው ፕራይም ተገኘ እንበል። ከ2 ጀምሮ እስከ እሱ ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ አባዙና 1 ጨምሩ። አዲሱን ቁጥር ከእነዚያ ለየትኛውም ብታካፍሉት 1 ይተርፋል። ማንኛውም ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ደግሞ ቢያንስ አንድ ፕራይም አካፋይ አለው። ስለዚህ የዚህ ቁጥር አካፋይ ዝርዝራችን ውስጥ የሌለ ፕራይም ነው። «በሙሉ» ያልነው ዝርዝር ሙሉ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪዎችም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አባዝቶ 1 መጨመር ሁልጊዜ ፕራይም ይሰጣል ማለት አይደለም። 2 × 3 × 5 × 7 × 11 × 13 ሲባዛ 30,030 ነው፤ 1 ሲጨመር 30,031። ይህ ቁጥር 59 × 509 ነው። ፕራይም አይደለም፤ ነገር ግን 59ም 509ም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ነጥቡ ይህ ነው።

ከዚህም ቀረብ ያለ ማስረጃ አለ። ቼቢሼቭ የተባለ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያረጋገጠው ነገር ነው፦ ከ1 የሚበልጥ ማንኛውንም ቁጥር ብትወስዱ በእሱና በእጥፉ መካከል ቢያንስ አንድ ፕራይም አለ። ስለዚህ ይህን ትልቁን ቁጥር በሁለት አባዙት፤ በመካከላቸው ፕራይም እንዳለ በእርግጠኝነት እናውቃለን። የትኛው እንደሆነ ማንም መናገር አይችልም እንጂ አለ። ከዚህ በፊት ክብረ ወሰኑን የያዘው፣ በፈረንጆች 2018 የተገኘው ቁጥር 24,862,048 አሃዝ ነበረው። በእሱና በአዲሱ መካከልም ቆጥረን የማንጨርሳቸው ፕራይሞች አሉ፤ አንድም ሰው አይቷቸው አያውቅም።

ሁለተኛው ነጥብ። «2ን በፕራይም አርቢ አርብተህ 1 ቀንስ፣ ሁልጊዜ ፕራይም ነው።» እስቲ እንሞክረው። በ2 አርቢ 3 ይመጣል። በ3 አርቢ 7። በ5 አርቢ 31። በ7 አርቢ 127። አራቱም ፕራይም ናቸው። ጸሐፊው ምናልባት እዚህ ላይ አቁመው ይሆናል። ቀጣዩ ፕራይም 11 ነው። 2 በ11 አርቢ 2,048፤ 1 ሲቀነስ 2,047። ይህ ደግሞ 23 × 89 ነው። በስልካችሁ ካልኩሌተር አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል በዚች አንድ ቁጥር ወደቀ።

ጸሐፊውን ግን አልፈርድባቸውም፤ ከእሳቸው በፊት ትልልቅ ሰዎች እዚሁ ቦታ ተሰናክለዋል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰየሙት በማሪን መርሰን፣ በፈረንሳዊው መነኩሴ ነው። በ1644 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች ናቸው) የትኞቹ አርቢዎች ፕራይም እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። 67 እና 257 ይሰጣሉ አለ፤ አይሰጡም። 61፣ 89 እና 107 ግን ይሰጣሉ፤ እሱ አልጻፋቸውም። የ67ቱ ታሪክ በጣም ደስ ይለኛል። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ 2 በ67 አርቢ ሲቀነስ 1 ፕራይም እንዳልሆነ አረጋገጠ። አካፋዮቹን ግን አላገኛቸውም። 27 ዓመት አለፈ። በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ ስብሰባ ላይ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ አባዛ፦ 193,707,721 × 761,838,257,287። ውጤቱ 147,573,952,589,676,412,927 ሆነ። ያው ቁጥር ነው።

ስለዚህ ዘዴው ቀላል ነው የሚባለው አይሠራም። ከሚሞከሩት አርቢዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። እስካሁን ያለፉት፣ ከመርሰን በፊት የታወቁትም ከዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች የወጡትም ተደምረው፣ 52 ብቻ ናቸው።

የኮልንና የሉካስን ታሪክ ያመጣሁት ግን ለሦስተኛው ነጥብ ጭምር ነው። ጽሑፏ ውስጥ በጣም የቆረቆረኝ ይህ ነው። የባንኩ ወሬ ሰው ያስደነግጣል፤ ይሄኛው ደግሞ ሒሳብ ራሱ ምን እንደሆነ ያዛባል። ጸሐፊው ማንም አካፋዮቹን አንድ በአንድ አልሞከረም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አልሞከረም፤ ሊሞክርም አይችልም። አካፋይ ፍለጋ እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት ድረስ መሄድ አለበት፤ ያ ራሱ ከ20 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በዓለማችን ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ ተባብረው ዘላለም ቢሠሩ አይነኩትም። «ስለዚህ ግምት ነው» የሚለው መደምደሚያ ግን አይከተልም። ሉካስ አንድም አካፋይ ሳያገኝ 2 በ67 አርቢ ሲቀነስ 1 ፕራይም እንዳልሆነ አውቋል፤ ከ27 ዓመት በኋላ ኮል አካፋዮቹን ሲያወጣም ልክ ሆኖ ተገኘ። አንድን ነገር ለማወቅ ከአንድ በላይ መንገድ አለ።

መንገዱ ይኸው። ሉካስ ጀመረው፣ በ1930 አሜሪካዊው ሌመር አስተካከለው። ከ4 ተነሱ። ቁጥሩን በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ። የመጣውን ለምትመረምሩት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። እንደገና ቀሪውን በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ አካፍሉ፣ ቀሪውን ያዙ። ይህን ከአርቢው በሁለት ያነሰ ጊዜ ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከመጣ ቁጥሩ ፕራይም ነው። 0 ካልመጣ አይደለም። «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር የለውም፤ በሁለቱም በኩል የተረጋገጠ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር 127ን ሠራነው። አርቢው 7 ስለሆነ አምስት ጊዜ ነው። 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 2፣ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67። 67 በራሱ 4,489፣ ሲቀነስ 2፣ 4,487፤ ቀሪው 42። 42 በራሱ 1,764፣ ሲቀነስ 2፣ 1,762፤ ቀሪው 111። እዚህ ጋ ክፍሉ ጸጥ አለ። ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ሲዘሉ ስለነበር ወደ ዜሮ የሚሄዱ አይመስሉም። አንዷ ልጅ ወጥታ ሰሌዳው ላይ 111ን በራሱ አባዛች፤ 12,321። 2 ቀነሰች፤ 12,319። ለ127 አካፈለች። 97 ጊዜ፣ ምንም ሳይተርፍ። ዜሮ። ጠመኔውን እንደያዘች ዞራ ስታየኝ የነበረው ፊቷ አሁንም ይታየኛል። በ2,047 ደግሞ ሞከርነው፤ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ መጨረሻ ላይ 1,736 ቀረ። ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ ፕራይም አይደለም። 23ንም 89ንም ሳንነካ አወቅነው።

በትልቁ ቁጥር ላይ የተሠራው ይኸው ሥራ ነው፤ እርምጃው ብቻ 136,279,839 ጊዜ ነው፣ በእያንዳንዱም 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ቁጥር በራሱ ይባዛል። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። ጥቅምት 1 ቀን ደብሊን ያለ ማሽን መጀመሪያ የሠራው ፈጣን ሙከራ ነው፤ እሱ «ፕራይም ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ነው የሚለው። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው እውነት ነበራቸው። በማግሥቱ ግን አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ ያለ ሌላ ማሽን የሉካስንና የሌመርን ሙከራ ሠርቶ ዜሮ አመጣ። ከዚያ በተለያየ ፕሮግራም፣ በተለያየ ዓይነት ኮምፒውተር ደጋግመው ሠሩት። ለዓለም የተነገረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ጥቅምት 11 ነው። መጀመሪያ ጥርጣሬ፣ ቀጥሎ ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ በሌላ ሰው እጅ ድጋሚ ማረጋገጫ። ይህን «ግምት» ማለት ተገቢ አይደለም።

ስለ አባቶቻችን ስሌት የተባለውን በአክብሮት ነው የማየው፤ የተነሳበት ፍቅር ይገባኛልና። አንዱን እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ ማባዛት በዓለም ላይ ባሉ የሒሳብ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ ይጠራል። እስቲ 13 ቁና እህል አንዱ በ24 ብር ቢሸጥ እንበል። 13ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ የሚተርፍ ግማሽ ካለ ተዉት፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። 24ን ደጋግማችሁ እጥፍ አድርጉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከ6 ፊት ለፊት ያለውን 48 ሰርዙ፣ 6 ለሁለት ያለ ቀሪ ይካፈላልና፤ ጎደሎ ከሆኑት፣ ማለትም ለሁለት ሲካፈሉ 1 ከሚተርፋቸው፣ ፊት ያሉትን ደምሩ፦ 24፣ 96 እና 192፣ 312 ብር። ያለ ማባዣ ሠንጠረዥ ተሠራ። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚያየው በሁለት በሁለት ከፍሎ ስለሆነ ዝምድና አለው። ግን ተወሰደብን ለማለት አያበቃም። ጥንታዊ ግብፆችም ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት እጥፍ በማድረግ ያባዙ ነበር፤ የሩሲያ ገበሬዎችም እንዲሁ። ለትልቁ ቁጥር ያስፈለገው የሉካስና የሌመር ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነው። የእኛ የሆነው ነገር የሌላውን ሳንነካ ያስከብረናል።

«ለምንም አይጠቅምም» በሚለው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ቁጥሩ ራሱ ዛሬ ዳቦ አይገዛም። መብራቱም ወጪውም እውነት ነው፤ ዱራንት በ17 አገሮች ያሉ ማሽኖችን በገዛ ገንዘቡ ተከራይቶ ነው የሠራው፤ የሚሰጠው ሽልማት 3,000 ዶላር ነው። ፍለጋው ግን ያመጣው ነገር አለ። ጂምፕስ የሚባለው የፈላጊዎች ማኅበር በ1996 የተመሠረተ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተርን እስከ ጥግ ስለሚያሠራ የቺፕ አምራቹ ኢንቴል በጊዜው ባወጣው አዲስ ፕሮሰሰር ላይ የነበረ ጉድለት የተጋለጠው በእነሱ ነው። ደግሞ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ፣ እንደ 6 (1 + 2 + 3) እና እንደ 28። የአሁኑ ፍጹም ቁጥር 82,048,640 አሃዝ አለው። ጎደሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተጠይቆ መልስ አላገኘም። እኔ ይህን ማወቅ መፈለግ ብቻውን ይበቃኛል፤ የማይበቃው ሰው ካለም አልከራከረውም።

አሁን ወደ ብሩ። እናታችን የጠየቁኝ ይህን ነው።

በኢንተርኔት ላይ የሚላከውን ሌላ ሰው እንዳያነበው ከሚቆልፉት ቁልፎች በሰፊው የሚታወቀው አርኤስኤ የሚባለው ነው፤ በ1977 የተፈጠረ። እንዲህ ይሠራል። ማሽኑ ሁለት ትልልቅ ፕራይሞችን በዕጣ ይመርጣል፣ ያባዛቸዋል፣ ብዜቱን ለሁሉም ያሳያል፣ ሁለቱን ፕራይሞች ግን ይደብቃል። ማባዛት ቀላል፣ መፍታት ከባድ ስለሆነ ነው የሚሠራው። 1009ን በ1013 አባዙ ብላችሁ ወዲያው 1,022,117 ትሉኛላችሁ። 1,022,117ን ብቻ ሰጥቼ ከየትኞቹ ሁለት ፕራይሞች መጣ ብላችሁ ግን ጊዜ ይፈጅባችኋል። በእውነተኛው ቁልፍ ውስጥ እያንዳንዱ ፕራይም 309 አሃዝ ያህል ነው፤ ብዜቱ 617 አሃዝ። በአደባባይ ከተፈቱት ትልቅ የሚባለው፣ በ2020 ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው የፈቱት፣ 250 አሃዝ ብቻ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ቁልፉን ጠንካራ የሚያደርገው ፕራይሞቹ ሚስጥር መሆናቸው ነው። አዲሱ ትልቅ ቁጥር በመላው ዓለም ታውጇል። ማንም ባንክ ይህን ለሚስጥር ቁልፍ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ቁልፉን ፒያሳ መሃል ሰቅሎ በሩን እንደመቆለፍ ነው። ባልተጠቀሙበት ቁጥር ደግሞ የሚከፈት በር የለም። መጠኑም አይመችም፤ ቁጥሩ በኮምፒውተር ሲቀመጥ 17 ሜጋ ባይት ነው፤ ብር በላካችሁ ቁጥር ይህን ማንቀሳቀስ ማን ይችለዋል?

ሌባው በዕጣ ቢሞክርስ? 309 አሃዝ ካላቸው ቁጥሮች በአማካይ ከ700 አንዱ ፕራይም ነው። ብዙ ናቸው ማለት ነው፤ ብዛታቸውን ለመጻፍ ከ1 ኋላ ከ300 የሚበልጥ ዜሮ ይደረደራል። ከእነዚህ ውስጥ የእናታችንን ባንክ ቁልፍ በዕጣ ማግኘት የሚባል ነገር የለም። የ41 ሚሊዮን አሃዙ ግኝት ይህን በአንዲት ስንዝር አልቀነሰውም።

እንዲያውም ጸሐፊው ቢያውቁት የሚገርማቸው ነገር አለ። ከአርኤስኤ ውጭ ያሉ አዳዲስ ቁልፎች ፕራይማቸውን በግልጽ ነው የሚያስቀምጡት። አንደኛው ዓይነት በቀጥታ የመርሰን ፕራይም ይጠቀማል፦ 2 በ521 አርቢ ሲቀነስ 1፣ 157 አሃዝ ያለው፣ በ1952 የተገኘ። ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ማንም ያነበዋል። በእሱ ምክንያት የተሰበረ ነገር የለም፤ እዚያ ሚስጥሩ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ «ትልቅ ፕራይምና ቁልፍ ይገናኛሉ» ያሉት እውነት ነው፤ «ፕራይሙ ከታወቀ ቁልፉ ይከፈታል» ያሉት ግን አይከተልም።

ሰው ብሩን የሚያጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ደውለው «ከባንክ ነው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ሲሉት ነው። ለዚህ ፕራይም አያስፈልግም። ለእናታችንም በስተመጨረሻ የነገርኳቸው ይህን ነው። «እሱንማ አውቃለሁ፣ ባለፈው ደውለው ዘግቼባቸዋለሁ» አሉኝ። ብራቸውን አላወጡም።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ። ስለ መጨረሻው ፕራይምም፣ ስለ አባቶቻችን ስሌትም፣ ስለ መብራቱም ቀስ ብለን መወያየት እንችላለን። ያቺን ስለ ገንዘብ የምትለውን መስመር ግን ዛሬ ያንሱልን፤ ከላኩት ሰዎች አንዳቸውም ሳያውቁ ነው እናትና አባታቸውን ያስደነገጡት። ደሴ ብቅ ካሉ ደግሞ ቡና እየጠጣን 8,191ን አብረን እንሠራዋለን። አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከመጨረሻው በፊት 128 ይመጣል፤ በራሱ ሲባዛ 16,384፤ 2 ሲቀነስ 16,382። እሱም ልክ ሁለት ጊዜ 8,191 ነው።